ቀይ አፈርና የወፍጮው ቦይ

ይህን የምጽፈው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ለሚሄድ ሰው ነው። ማንበብ የማይችል ከሆነ የሚችል ያንብብለት። ምክር መስጠት አልወድም፤ ሲመክሩኝማ ጭራሽ ያንገሸግሸኛል። ግን ያየሁትን በሆዴ ይዤ ብቀመጥ ሌላው መጥቶ እኔ የገባሁበት ጉድጓድ ይገባል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። የእኔ ቤተሰብ በሽታዬንም እኔንም ሸሽጎ ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ነቀምት ነው። አባቴ የመንዝ ሰው፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። እናቴ ጎጃሜ ናት። ሁለቱም በየፊናቸው ወለጋ ገብተው እዚሁ ተጋቡ። እኔ ቤት ውስጥ በአማርኛ ሲቆጡኝ ውጭ በኦሮምኛ ስጫወት ነው ያደግሁት። ስሜ ደሳለኝ ነው፤ ሰፈርተኛው ግን ደሱ ይለኛል።

ያኔ የከተማው ጎረምሳ ሁሉ ሯጭ ነበር። አንድ የአገራችን ወታደር ባሕር ማዶ ሄዶ በባዶ እግሩ ሮጦ ሁሉን ቀድሞ ገባ የሚለውን ከሰማን ወዲህ፣ ጫማ አድርጎ መሮጥ እንደ ስንፍና ተቆጠረ። ጫማ የሌለው ደሀ በባዶ እግሩ ቢሮጥ ምን ያድርግ። እኔ ግን ነበረኝ። አባቴ የሸራ ጫማ ገዝቶልኛል። ከደጃፍ እስክወጣ አደርገዋለሁ፤ ከዚያ አውልቄ በማሰሪያው አንገቴ ላይ አንጠለጥለውና እሮጣለሁ። የሚያሸንፍ እግር አፈሩን የሚያውቅ እግር ነው እንባባል ነበር። እግሬ አፈሩን አወቀው፤ አፈሩም እግሬን አወቀው።

አብሮኝ የሚሮጠው ገመቹ ነበር፤ አናጺ ነው፣ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ ሰው። እሱ ጫማ ኖሮት አያውቅም። ጠዋት አጥራችን ሥር ቆሞ ያፏጫል፤ እኔ እወጣለሁ። በዲጋ መንገድ ቁልቁል እንወርዳለን። መንገዱ በበጋ እንደ በርበሬ የላመ ቀይ ትቢያ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጣት መሀል ገብቶ የሚጣበቅ ጭቃ። ቁልቁለቱ ሲያልቅ ወደ ግራ ታጥፈን ቡና ውስጥ እንገባለን። ከዋንዛው ጥላ ሥር ጉም ተኝቶ ይቆየናል፣ ጉሬዛ ከላይ ቅርንጫፍ ይሰብራል። ከቡናው ስንወጣ የወፍጮው ቦይ ይገጥመናል። ከወንዙ ተጠልፎ እስከ ውሃ ወፍጮው የሚሄድ ቦይ ነው። ዳርና ዳሩ ሣር ነው፣ ውሃው ከጎንህ ወደ ኋላህ ሲወርድ ፍጥነትህን እጥፍ ያደረገው ይመስልሃል። ከዚያ የሚያምር የሩጫ መንገድ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ብዙ አገር አላየህም ትሉኝ እንደሆነ ግድ የለም፣ ልክ ናችሁ።

ገመቹ ሁልጊዜ ይቀድመኛል። ውሃው ከወንዙ ወደ ቦዩ የሚገባበት ቦታ፣ እኛ የቦዩ ራስ የምንለው ጋ፣ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እያለከለክሁ ስደርስ፣ «ቆየሁብህ?» እለዋለሁ። ላቡ ደርቋል፣ እንዲያውም በርዶታል። እሱ ግን፣ «ኧረ አሁን ገና መድረሴ ነው» ይለኛል። አንድ ቀን እንኳ ሌላ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ከዚያ እግራችንን ቦዩ ውስጥ ነክረን እንቀመጣለን።

ሕመሙ የጀመረኝ እንደ ቀልድ ነው። የቀኝ እግሬ ጣቶች ሥር ያሳክከኝ ጀመር። ቀጥሎ ማታ ማታ ማቃጠል መጣ፤ ግድግዳው ቀዝቀዝ ስለሚል እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እተኛለሁ። ማምሻውን ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል። ጠዋት ስለሚጎድል ናቅሁት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው።

አንድ ቀን ከሩጫ ስመለስ ብርድ ብርድ አለኝ። ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ፣ እግሬ እንደ ፍም ቀላ፣ ትኩሳቱ አስቀባጠረኝ። እናቴ፣ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ትኩሳቱ ከቀናት በኋላ ለቀቀኝ፤ እብጠቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አዋቂ ተጠራ። አዋቂው እግሬን እንኳ ቀርቦ ሳያይ የት እንደምውል ጠየቀ። የወፍጮው ቦይ ዳር መቀመጥ እንደምወድ ሲነግሩት ነገሩ አለቀለት።

«የውሃ ዳር ልክፍት ነው» አለ። «ከቦዩ ይራቅ። ያንን እግር ውሃ የሚባል ነገር እንዳይነካው።»

እናቴ ይህን ቃል እንደ ሕግ ያዘችው። ገላዬን ስታጠብ ያቺን እግር በጨርቅ ጠቅልዬ ከገንዳው ውጭ አውጥቼ ነው የምቆመው። እኔም ሞኝ ነኝ፣ አመንኩ። ሲሻለኝ ቦዩን ትቼ፣ ሣሩን ትቼ፣ ያንን ቀይ መንገድ ብቻ እየተመላለስኩ ሮጥኩበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። አፈሩ ጣቶቼ መሀል ይከርማል፣ የሚያጥበው የለም። ትኩሳቱ ተመላለሰብኝ፣ በተመላለሰ ቁጥር እግሬ ጨመረ። የሸራው ጫማ አልገባ አለኝና ምስማር ላይ ሰቀልኩት።

አባቴ ኑኑ ቁምባ ድረስ በበቅሎ ይዞኝ ሄደ። እዚያ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር አለ ተብሎ ነው። ደምህ ተበላሽቷል ብሎ ወጋኝ፤ መቀመጫዬ አበጠ፣ እግሬ እንዳለ ነው። ከዚያ እናቴም ተከትላን አንድ ትልቅ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ በትንኝ የሚመጣ ትል ነው ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ያንን ክኒን እየዋጥኩ ከማስመለስ በቀር ምንም አላተረፍኩም። ሰውዬውን አልረግመውም፤ ሌላ አገር እንዲህ ያለ እግር የሚያመጣ ትንኝ አለ ይላሉ። ኮሪደሩ ላይ ግን አንዲት ሴት እግሬን አይታ ለጎረቤቷ፣ «ውይ፣ ዝሆኔ ነው እኮ፣ በዘር የሚመጣው» ስትል እናቴ ሰማች። እግርን እንደ ዝሆን እግር የሚያሳብጠው በሽታ ማለቷ ነው። እናቴ ነጠላዋን አውልቃ እግሬን ሸፈነችው።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሰላም አጣ። አባቴ፣ «በእኛ በመንዝ እንዲህ ያለ እግር ታይቶም አይታወቅ» ይላል። እናቴ፣ «በእኔስ ዘር ማን አለ? እስከ ሰባት ቤት ቁጠር» ትላለች። አንዱ የሌላውን ሙታን ሲያስነሳ እኔ መሀል ላይ እግሬን ዘርግቼ አዳምጣለሁ። ለካ ጭንቀቱ የእኔ እግር ብቻ አልነበረም። እህቴን ብርቄን ሊያጯት የሚመላለሱ ሰዎች ነበሩ። የዘር ዝሆኔ ያለበት ቤት ማን ልጁን ያጋባል?

ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት ጓዳ ገባሁ። እናቴ ናት ያስገባችኝ፤ መጋረጃውን ስትዘጋ ፊቴን አላየችኝም። ጤፍ ማስቀመጫው ላይ ተቀምጬ የሚባለውን ሁሉ ሰማሁ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ያ ሯጩ ልጃችሁስ የት አለ?» አለ።

አባቴ ጠጅ ሲቀዳለት ሰማሁ። ከዚያ፣ «አርጆ ነው። ከዘመድ ዘንድ ሄዷል» አለ።

ሕይወቴን ሁሉ እንደዚያ ዕለት ሆድ ብሶኝ አያውቅም። በአምስት እርምጃ ርቀት ተቀምጬ አርጆ ነኝ።

በዚያው ሰሞን ገመቹ መጣ። ከታመምኩ ወዲህ ፉጨቱ ቀርቶ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። እግሬን አየ፣ ረዘም አድርጎ አየው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ።

«አካም ጅርታ፣ ደሱ?» አለኝ፤ እንዴት ነህ ማለቱ ነው።

«እንደምታየኝ» አልኩት።

ሌላ ነገር የሚናገር መስሎኝ ጠበቅሁ። «ጃባዱ» ብቻ አለ። በርታ ማለት ነው፤ ዳገት ላይ ስደክም የሚለኝ ቃል ነው። ዞሮ ሄደ፣ ዳግመኛም አልመጣም። ተጸየፈኝ ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ስትደብቀኝ ለብርቄ ብላ ነው እላለሁ። ለገመቹ ግን ምክንያት አጣሁለት፤ ከእግሬ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነበር።

ውሸቱ እውነት ሆኖ እንዲያርፍ ሠርጉ እስኪያልፍ በእውነትም አርጆ ተላክሁ። ያረፍኩበት ቤት የአባቴ የአጎት ልጅ ቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የምጠጣበትን ጣሳ ለይታ ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው። በቀይ አፈር ጓሮ ውስጥ ባዶ እግሬን እየጎተትኩ እውላለሁ። የሚያነጋግረኝ ሰው የለም። ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ጨፍኜ በሐሳቤ እሮጣለሁ፤ በዲጋ መንገድ እወርዳለሁ፣ ቡናው ውስጥ እገባለሁ፣ ቦዩን ይዤ እሄዳለሁ። የቦዩ ራስ ላይ ስደርስ ግን ድንጋዩ ባዶ ነው፤ በሐሳቤ እንኳ ላስቀምጠው አልቻልኩም። ብርቄ ተዳረች። ከሠርጉ ሥጋና ድፎ ዳቦ ላኩልኝ፤ አልበላሁትም።

እዚያው አርጆ ትኩሳቱ እንደ ገና ጣለኝ። አባቴ ሊወስደኝ ሲመጣ ደንግጦ አለቀሰ። እሱ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። የአርጆዋ ዘመዳችን፣ «ነቀምት እኮ የሚሲዮን ሐኪም ቤት አለ፣ እንዲህ ያለውን እግር ያያሉ ሲሉ ሰምቻለሁ» አለችው። አባቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነው፤ የሚሲዮን ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም መጣ። ከተማ ስንገባ ግን በቅሎውን ወደ ቤት ሳይሆን ወደዚያው አዞረው።

ማለዳ ነበር፤ ወረፋው ግን ግቢውን ሞልቶታል። አግዳሚው ወንበር ላይ ስቀመጥ በዚህም በዚያም ያሉት ራቅ ራቅ አሉ። ከዛፉ ሥር ሣር ላይ የተቀመጡ ሰዎች አየሁ፤ ሁሉም እንደ እኔው ናቸው፣ ከእኔም የባሱ አሉ። ወደዚያ ሄድኩ። አንዲት የዲጋ ሴት ጠጋ አለችና መሬቱን በእጇ መታ መታ አደረገች። «ኮቱ ታዒ» አለችኝ፤ ና ተቀመጥ ማለቷ ነው። የተጠበሰ በቆሎ ገምሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ከአንድ በቆሎ ላይ ከሰው ጋር ስካፈል ከብዙ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር።

ያየችኝ ነርስ ሲስተር አያንቱ ትባላለች፤ ጠና ያለች፣ ፈገግ የማትል ሴት ናት። ጨርቁን ስትፈታ አባቴ ፊቱን አዞረ። እሷ አላዞረችም።

«ይኼ እግር ከታጠበ ስንት ጊዜው ነው?» አለች።

«ውሃ አይንካው ብለውን ነው» አለ አባቴ።

«ማነው ያለው?»

አባቴ አዋቂው ብሎ ሊመልስ አፈረ። ሲስተር መልሱን አልጠበቀችም። ለብ ያለ ውሃ አስመጣች፣ ሳሙና ያዘች፣ ቁጢጥ ብላ በገዛ እጇ እግሬን ታጥብ ጀመር። በጣቶቼ መሀል ሁሉ፣ ቀስ እያለች። ያንን እግር ሰው በእጁ ከነካው ቆይቷል። እንባዬ መጣ፤ ውሃው ቀይ ሆኖ ሲወርድ እያየሁ አለቀስኩ። እሷ ያላየች መሰለች።

«የት ነው የምትውለው?»

«ሯጭ ነበርኩ። በዲጋ መንገድ፣ ከዚያ የወፍጮውን ቦይ ይዤ።»

«በጫማ?»

«በባዶ እግሬ።»

«ጫማ የለህም?»

«አለኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ አልተቆጣችም።

«ቦዩን ታውቀዋለህ አይደል? ክረምት ሲወጣ ሰፈርተኛው ዳቦ ወጥቶ ነው የሚጠርገው። ደለል ሲሞላው ባይጠርጉት ውሃው ምን ይሆናል?» ዳቦ ያለችው ደቦውን ነው፤ ኦሮምኛው እንደዚያ ነው።

«ያቁራል። ዳርና ዳሩ ረግረግ ይሆናል።»

«በቃ። እግርህ ውስጥም ፈሳሹን ወደ ላይ የሚመልሱ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ይኼ የእኛ ቀይ አፈር ከዱቄት የላመ ነው፤ ዓመታት ሲረግጡት በቆዳ ይገባና ይደፍናቸዋል። ዘርህ ምንም አልሆነም። ልክፍትም አይደለም። ሌላ ሰውም ከአንተ አይጋባበትም።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «ገና አልጠናበትም። በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ቅባት ይቀባ፣ በፋሻ ይታሰር፣ ሲቀመጥ ከፍ ይደረግ። እብጠቱ ሲጎድል ጫማ። ከዚያ ወዲያ ያለ ጫማ ከቤት እንዳይወጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ።»

ፋሻውን ስታስር እንደ ዋዛ፣ «አብሮህ የሚሮጥ ሰው ነበረ?» አለችኝ።

«ነበረ። ተጸይፎኝ ቀረ።»

«እሱስ ጫማ ነበረው?»

«አልነበረውም።»

የፋሻውን ጫፍ ቋጠረችና የሚቀጥለውን ጠራች። በቅሎው ላይ ሆኜ ወደ ቤት ስንሄድ ነው የገባኝ። ደጃፉ ላይ የቆመው ገመቹ፣ እግሬን ረጅም ጊዜ ያየው ገመቹ፣ ግንባሩን ያላበው ገመቹ። ያየው የእኔን እግር አልነበረም፤ የራሱን ነገ ነው።

እናቴ መጀመሪያ ውሃውን ያሞቀች ዕለት አማትባ ነው ያፈሰሰችው። አባቴ ሳሙና ተሸክሞ መግባት ለመደ። እብጠቱ ወዲያው አልጎደለም፤ አንዳንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ፋሻውን ወርውሬዋለሁ፣ መልሼ ለቅሜዋለሁ። ግን ትኩሳቱ ቀረ። ቀስ በቀስ ቁርጭምጭሚቴ ብቅ አለ። ከምስማሩ ላይ ጫማዬን አውርጄ የሞከርኩ ቀን፣ ሲገባልኝ፣ ከነጫማዬ አልጋ ላይ ተኛሁ። እናቴ አይታ በሩን ገርበብ አደረገችልኝ።

ገመቹ ዲጋ መግባቱን ከሰው ሰማሁ። መንገዱን በእግሬ ሄድኩ፣ በጫማ። ሱቁን አገኘሁት፤ መላጊያውን ይዞ ተቀምጦ ይሠራል። አናጺ ተቀምጦ አይልግም። ከወገቡ በታች የእንጨት ፍቅፋቂ ክምር ውስጥ ነው፤ ሁለት እግሩን ቀብሮታል። ሲያየኝ መላጊያው ቆመ፤ ዓይኑ ወደ ጫማዬ ወረደ።

«ዳንክ?» አለኝ።

«እየዳንኩ ነው። እግርህን አውጣ።»

«ተወኝ፣ ደሱ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያንተን ሳይ የእኔም ማሳከክ ጀምሮ ነበር። አባቴ፣ ከዘራችን ማንም እንዲህ ሆኖ አያውቅም፣ ሰው እንዳይሰማ አለኝ።» ፍቅፋቂውን በእጁ ይበትናል። «አንተ እንደሆነ ተጸየፈኝ ብለህ ትተኸኛል ብዬ አሰብኩ።»

ሁለታችንም በየጓዳችን ተቀምጠን አንዳችን ሌላውን ስንረግም ነው የከረምነው። ያን ጊዜ በጣም ተናደድኩ፤ በእሱ አይደለም፣ በማን እንደሆነ እንጃ። ቁጢጥ ብዬ ፍቅፋቂውን በእጄ ጠራረግሁት። እግሩ ከእኔ የባሰ ነበር፣ ጠንክሯል፣ ጣቶቹ ላይ እንደ ኪንታሮት ያለ ነገር አውጥቷል። ከጎረቤት ውሃ ለምኜ አጠብኩለት። ሲስተር እንዳደረገችው በጣቶቹ መሀል ሁሉ፣ ቀስ እያልኩ።

ቤት ገብቼ ለእናትና አባቴ ነገርኳቸው። «ገመቹም ታሟል። እሱ መንዜ ነው? ጎጃሜ ነው? የሁለታችን ዘር የሚገናኘው የት ነው? የዲጋ መንገድ ላይ ብቻ ነው» አልኳቸው። እናቴ እሳቱ ላይ እንጨት ጨመረችና፣ «ያ ልጅ ውሃ የሚያሞቅለት ሰው አለው?» አለች። ከዚያ በኋላ ገመቹ ሐኪም ቤት በመጣ ቁጥር የሚያድረው እኛ ቤት ነው፤ በሚጠጣበት ብርጭቆ እኛም እንጠጣለን።

ነገሩ ሁሉ አማረ ብዬ አልዋሽም። የእኔ ሲጎድል የገመቹ የጎደለው ግማሹ ነው። ትኩሳቱ ለቀቀው፣ ቆዳው ለሰለሰ፤ መሮጥ ግን አልቻለም፣ አይችልምም። ሱቅ ውስጥ በእግሩ ልክ የሚሆን ጫማ ስለሌለ ከዋንዛ እንጨት ሶል ጠርቦ፣ ላዩን በኮርቻ ሠሪ ቆዳ አስሰፍቶ የራሱን ጫማ ሠራ። ሌሎችም አይተው ያሠሩት ጀመር። እኔ እሮጣለሁ፣ በጫማ። እንደ ድሮው አይደለሁም፤ ለውድድር የሚመርጠኝ የለም። ጎረምሶቹ በባዶ እግራቸው ያልፉኛል፣ ጫማዬን አይተው ይስቃሉ። ቆሜ ስነግራቸው አይሰሙኝም፤ ስለዚህ ነው የጻፍኩት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገመቹ ቀድሞ ከእኛ ቤት ይነሳል፣ እኔ ኋላ እነሳለሁ፣ ያም ሆኖ ቡናው ውስጥ እደርስበታለሁ። «ጃባዱ» ይለኛል ሳልፈው። ቦዩን ይዤ እሄዳለሁ፣ ጎኔ ያለው ውሃ ብቻ ነው። የቦዩ ራስ ላይ ደርሼ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ላቤ ይደርቃል፣ ይበርደኛል፣ ጉሙ ይነሳል። ብዙ ቆይቶ የእንጨት ሶሉ ድንጋይ ሲመታ ይሰማኛል፤ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይመጣል።

እያለከለከ ደርሶ ከጎኔ ይቀመጣል። «ቆየሁብህ?» ይለኛል።

«ኧረ አሁን ገና መድረሴ ነው» እለዋለሁ።